አንድ ኪሎ ተኩል
(ካርቱም ውስጥ ለስደተኛ ወጣቶች ከተደረገ ንግግር)



ባለፈው ዓርብ ለቦክስ ግጥሚያ ስትመዘኑ ሚዛኑን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። አንዱ ልጅ ከተስማማንበት ክብደት በአንድ ኪሎ ተኩል አለፈ። «ምን አላት፣ ይግጠም!» አላችሁ፤ እኔም እሺ አልኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2005 ላስ ቬጋስ ላይ ሜክሲኮአዊው ሆሴ ሉዊስ ካስቲዮ ከ135 ፓውንድ ማለፍ ሳይገባው 138.5 መዘነ። ትርፉ ከኛው ልጅ ብዙ አይበልጥም። ዲዬጎ ኮራሌስ ልኩን ጠብቆ መጥቷል፤ ቢሆንም ገጠመው፤ በ4ኛው ዙር ተዘረረ። ቀበቶው ለውድድር ስላልቀረበ አልተወሰደበትም፤ ቡጢው ግን አልቀረለትም።

ኪሎ ለመጠበቅ የተራበ ሰው ከጉልበቱ ከፍሎ ነው የሚመጣው። ሌላው ሳይከፍል ይገባል። ራሽን ስንቀበል ጥቂት ግራም ብትጎድል የምንጮህ ሰዎች፣ እዚህ ላይ ለምን ዝም አልን?

በዚህ ሙቀት ውሃ ሳይጠጣ፣ ጃኬት ደርቦ የሚሮጥም አይቻለሁ። ተዉ! እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ሦስት የኮሌጅ የትግል ስፖርተኞች ኪሎ ሲቀንሱ ሞተዋል። ኪሎው ካልመጣላችሁ ንገሩኝ፤ ከሚመጥናችሁ ጋር እንመድባችኋለን።

ዓርብ ዕለት ልኩን ጠብቆ መጥቶ የተሸነፈው ልጅ እዚሁ ተቀምጧል። በሁላችሁ ፊት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ውጤቱም ተሰርዟል።