ሐሮ ወንጪና አካባቢው
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ዓመት አንድ ምሽት በመኝታ ክፍላችን ስለየትውልድ ሀገራችን ስንጨዋወት፥ አንዱ ስለ ላሊበላ፥ ሌላው ስለ ሐረር ጀጎል ከተናገረ በኋላ ተራው ለእኔ ደረሰ። «በአንተስ ሀገር ምን አለ?» ቢሉኝ «አምቦ ውሃ» ብዬ ዝም አልሁ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት ያንን መልስ ለማሟላት ነው።

ውሃው ራሱ የሚናቅ አይደለም። በጠርሙስ እየታሸገ መሸጥ ከጀመረ ከ1922 ዓ.ም. ገደማ አንሥቶ የአምቦን ስም በየገበታው አድርሷል። ነገር ግን አንድ አውራጃ በጠርሙስ ብቻ ሊታወቅ አይገባውም።

ከአምቦ በስተ ደቡብ፥ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ ሽቅብ ሲወጡ፥ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የወንጪ ተራራ ይገኛል። ጥንት እሳተ ገሞራ የፈነዳበት አፉ ውሃ ሞልቶት ሐይቅ ሆኗል። «ሐሮ» በኦሮምኛ ሐይቅ ማለት ነው። በሐይቁ ውስጥ ባለችው ደሴት የቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስላለ ምእመናን በጀልባ ይሻገራሉ። ገበሬው ገብስና እንሰት ያበቅላል፤ ንብ ያነባል። ፈረስም በዚህ ሀገር ከመጓጓዣነት ያለፈ ክብር አለው፤ ዐፄ ምኒልክን «አባ ዳኘው» ያሰኘው የፈረስ ስም ልማድ በሸዋ ኦሮሞ ዘንድ ሥር የሰደደ ነው።

ሀገሩ ሰውም አፍርቷል። በብልሃታቸው «አባ መላ» የተባሉት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የጨቦ ተወላጅ ሲሆኑ፥ በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር ሆኑ። የደንዲው ጃጋማ ኬሎ ጣልያን ሀገራችንን በወረረ ጊዜ ገና በ15 ዓመታቸው ገደማ ዱር ገብተው ተዋጉ፤ በኋላም ሌተና ጄኔራል ለመሆን በቁ። ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1928 ዓ.ም. የተወለዱት በአምቦ አጠገብ በቦዳ ነው።

ስሞቹም ታሪክ ናቸው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን አምቦ «ሀገረ ሕይወት»፥ ወሊሶም «ጊዮን» ተብለው ነበር። ባላገሩ ግን በገበያም በለቅሶም የጥንቱን ስም አልተወም፤ ዛሬ ሁለቱም በጥንት ስማቸው ይጠራሉ። እንግዲህ በወረቀት ያልሰፈረውን የሕዝብ አፍ ጠብቆ አቆይቷል ማለት ነው።

አፍ ግን ያልፋል። በሰፈራችን የየምንጩንና የየኮረብታውን ስም ምክንያት የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በልጅነቴ በጓሯቸው እየሮጥሁ ሳልፍ አንድ ቀን እንኳ ተቀምጬ አልጠየቅኋቸውም። ከዚያ ምሽት ኀፍረት በኋላ ደብተር ገዝቼ ክረምት ላይ ወደ ቤቴ ብሄድ፥ አርባቸው ወጥቶ ደረስሁ። ልጆቻቸውን «የነገሯችሁን የጻፈ አለ?» ብል፥ «እኛ መቼም የሚሞቱ አልመሰለንም» አሉኝ። በቅርብ ያለ ጠበል ልጥ ይነከርበታል የተባለው ለእኔ ነበር።

ነገሩ ዛሬ ይበልጥ ያስቸኩላል። በ2014 ዓ.ም. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሎ መርጧታል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ለእንግዳ ማረፊያ የሚሆን ትልቅ ሥፍራ ተሠርቶ ተከፍቷል። እንግዳ መምጣቱ መልካም ነው። ነገር ግን የሐይቁ ልጅ ፈረስ ጎታችና ጀልባ ቀዛፊ ብቻ ሆኖ፥ ታሪኩን ሌላ ሰው ከከተማ መጥቶ የሚተርክለት ከሆነ ምን ተጠቀመ?

ሽማግሌ ያለው ሁሉ እውነት አይደለም የሚሉን አይጠፉም። እኔም አልክድም። ሆኖም ያልተጻፈ ነገር ሊመረመር አይችልም፤ መጻፍ ይቅደም፥ ምርመራው ይከተል።

ስለዚህ ማኅበራችንን የምለምነው ይህን ነው፤ በመጪው ክረምት እያንዳንዳችን አንድ ደብተር ይዘን ወደየአውራጃችን እንሂድ። ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን በራሳቸው ቋንቋ እንጠይቅ፤ የተናገረውን ሰው ስምና ቀኑን አብረን እንጻፍ፤ ስንመለስም ለቤተ መጻሕፍቱ እናስረክብ። መምህራኖቻችን የአጠያየቁን ሥርዐት እንዲያስተምሩን በትሕትና እለምናለሁ።

ያን ጊዜ «በአንተስ ሀገር ምን አለ?» ብትሉኝ፥ ደብተሬን እገልጥላችኋለሁ።