ዓይን ሳይማር እጅ አይማርም

የዛሬው ንግግራችን ስለ ሥዕል ነው፤ ይልቁንም በዙሪያችን ያለውን ዓለም እንደሚታየው አድርጎ ስለ መሣል ነው። ብዙ ሰዎች ይህ ችሎታ ከእጅ ቅልጥፍና የሚመነጭ፣ ለጥቂት ዕድለኞች ብቻ የተሰጠ ጸጋ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ከእጅ አስቀድሞ መማር ያለበት ዓይን ነው፤ የዓይንም መምህር ትዕግሥት ነው።

የጥንት ሠዓሊዎቻችን ከሚታየው ይልቅ የሚታመነውን ይሥሉ ነበር። ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ፣ ክፉውን ግን በጎን በአንድ ዓይኑ ማሳየታቸው ትርጉም ያለው ሥርዓት እንጂ ጉድለት አልነበረም። ዳሩ ግን መልክዐ ምድርን እንደሚታየው ለመሣል የሚሻ ሰው ሌላ ልምምድ ያስፈልገዋል። በአሜሪካ በሺካጎ ከተማ ተምረው የተመለሱት ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በመሠረቱ ጊዜ፣ ነገሩን ፊት ለፊት እያዩ መንደፍ በአገራችን የመደበኛ ትምህርት ቦታ አገኘ። ይህ ትምህርት ቤት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በስማቸው ይጠራል።

ታዲያ ማየት ማለት ምንድን ነው? በቦሌ ወይም በኢምፔሪያል ሰፈር የሚኖር ሰው፣ ሕንፃ ካልጋረደው፣ ወደ ሰሜን ቢመለከት እንጦጦን ያያል። የእንጦጦ ባሕር ዛፍ አረንጓዴ መሆኑን ስለሚያውቅ ተራራውን አረንጓዴ አድርጎ ይቀባዋል። ነገር ግን ጥቂት ቆይቶ ቢያስተውል፣ በመካከል ያለው አየር ተራራውን ወደ ሰማያዊነት እንደሚያደላው ይረዳል። በቅርቡ ያለውን ዛፍና የሩቁን ተራራ በአንድ ዓይነት አረንጓዴ ከቀባ፣ ርቀቱ ከሥዕሉ ይጠፋል።

ጥላም እንዲሁ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የቀትር ጥላ በታኅሣሥ ወደ ሰሜን ሲወድቅ በሰኔ ወደ ደቡብ ይወድቃል። ከቤቱ ተቀምጦ በግምት የሚሥል ሰው ይህን ከየት ያገኘዋል?

መልመጃው ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ወረቀትና እርሳስ ይበቃሉ። ጀማሪው ክንዱን ዘርግቶ፣ አንዱን ዓይኑን ጨፍኖ፣ የዛፉን ቁመት በእርሳሱ ላይ በአውራ ጣቱ ይለካ፤ ከአጠገቡ ካለው ቤት ቁመት ጋርም ያነጻጽር። ያንኑ ቦታ ጧት፣ ቀትርና ማታ ደጋግሞ ይንደፍ። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ጆን ኮንስታብል በ1821 እና በ1822 እ.ኤ.አ. በለንደን በሐምስቴድ ደመናን ሲያጠና፣ ከብዙዎቹ ሥዕሎች ጀርባ ዕለቱን፣ ሰዓቱንና የነፋሱን ሁኔታ ይመዘግብ ነበር። እንዲህ ያለ ስመ ጥር ሠዓሊ ለሚያልፍ ደመና ይህን ያህል ከደከመ፣ ጀማሪው ስለምን ይቸኩላል?

ክቡራን አድማጮች፤ ይህ ነገር ሠዓሊን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ከወንበሩ ሳይነሣ «መንገዱ ደህና ነው» ብሎ ሪፖርት የሚጽፍ የመንግሥት ሠራተኛ፣ እንጦጦን ሳያይ አረንጓዴ ከሚቀባው ጀማሪ በምን ይለያል? የሠዓሊው ስሕተት አንድ ወረቀት ያበላሻል፤ የሠራተኛው ስሕተት ግን በዚያ መንገድ የሚመላለሰውን ሕዝብ ይጎዳል።

ደግሞም ከተማችን በፍጥነት እየተለወጠች ነው። ዛሬ በሰፈራችን የምናየው የቆርቆሮ አጥር፣ የድንጋይ ደረጃና የጥግ ሱቅ ነገ ላይገኝ ይችላል። በቅን ዓይን ታይቶ የተነደፈ አንድ ገጽ፣ ልጆቻችን ከተማቸው ምን ትመስል እንደነበረች የሚጠይቁት ምስክር ይሆናል። ስለዚህ ከሥራ መልስ ያለችውን ግማሽ ሰዓት አንናቃት፤ እርሳሳችንን ይዘን እንቀመጥ፤ አስቀድመንም እንይ።