ከመቁረጣችን በፊት

ሰዓቴ አጭር ነው፤ ስለ እግር ላውራችሁ።

ከጉልበት በታች ሦስት ዋና ዋና ደም ወሳጅ ቧንቧዎች አሉ። የስኳር ታካሚ ላይ እነዚህ ሲዘጉ ጣት ይጠቁራል፣ ቁስል አልድን ይላል። ያኔ ቶሎ የሚመጣው ቃል «ይቆረጥ» ነው።

በ1964 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ አንዲት የ82 ዓመት እናት «እግሬ አይቆረጥም» አሉ። ዶክተር ቻርለስ ዶተር የጭናቸውን ቧንቧ ያለ ቀዶ ሕክምና፣ በቆዳ በኩል ከፈተላቸው። እግራቸው ተረፈ። በ1974 አንድሪያስ ግሩንትዚግ ባሉኑን ጨመረበት።

ዛሬ በብሽሽት በኩል ቀጭን ሽቦ ይገባል። ሽቦው የተዘጋውን ካለፈ፣ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር የሚሆን ባሉን ለጥቂት ደቂቃ ይነፋል። ቧንቧው ከወራት በኋላ ተመልሶ ሊጠብ ይችላል፤ ይህን ለታካሚው በግልጽ መንገር አለብን። ነገር ግን ቁስሉ እስኪድን ደም ከደረሰ፣ እግሩ ሊተርፍ ይችላል። ጥሩ ደም መልስ ላለው ታካሚ ደግሞ ማዞሪያ ቀዶ ሕክምናም አለ።

እርግጥ ባሉኑ ሁሉም ቦታ የለም። ጣት ግን ሁላችንም አለን! ካልሲ እናስወልቅ፤ የእግሩን ጀርባና ከቁርጭምጭሚቱ ኋላ ትርታውን እንፈልግ። ኢንፌክሽኑ ሕይወቱን የሚያጣድፍ ካልሆነ በቀር፣ «ይቆረጥ» ብለን ከመፈረማችን በፊት «ደሙ ይደርሳል ወይ?» ብለን እንጠይቅ።