የትንፋሽ መታጠፊያ
በሆለታ ለተሰበሰቡ አድማጮች የተዘጋጀ ዲስኩር



ታንትራ የተባለው የህንድ መንፈሳዊ ትምህርት ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው ወይ አስማትን ወይ የሥጋ ፍትወትን ነው። አንዳንድ ቅርንጫፎቹ ለዚህ ስም ሰበብ ሆነዋል፤ ግንዱ ግን የልቡና ሥልጠና ነው። ከሊቃውንቱ ታላቅ የሚባለው አቢናቫጉፕታ በ10ኛውና በ11ኛው መቶ ዘመን በካሽሚር ኖሮ ታንትራሎካ የተባለውን ሰፊ ድርሳን ጽፏል። ከእርሱ በፊት የተጻፈው ቪግያና ባይራቫ ደግሞ አምላክ ለእንስት አምላክ የሚመልሰው መልስ ሆኖ 112 የተመስጦ መንገዶችን ይዘረዝራል።

የመጀመሪያው በትንፋሽ ላይ ነው። ተማሪው ጀርባውን አቅንቶ ይቀመጣል። የሚወጣው ትንፋሽ ከአፍንጫ 12 ጣት ያህል ርቆ ያልቃል ይላሉ። ተመልሶ ከመግባቱ በፊት አንዲት ቅጽበት አለች። ገብቶ ከመውጣቱ በፊትም ሌላ አለች። ተማሪው ትንፋሹን አያስገድድም፤ እነዚያን ሁለት መታጠፊያዎች ብቻ ይጠብቃል። ሐሳብ ሲመጣ አይጣላውም፤ ወደ መታጠፊያው ይመለሳል እንጂ። ቀላል ይመስላል፤ የሞከረው ግን ሐሳቡን በጥቂት ትንፋሽ ውስጥ አዲስ አበባ ደርሶ ያገኘዋል።

ታዲያ ይህ ለእኛ ፈጽሞ ባዕድ ነውን? አይመስለኝም። በሱሉልታ በኩል አልፈን ወደ ደብረ ሊባኖስ ስንሄድ፣ ገድላቸው 7 ዓመት በአንድ እግራቸው ቆመው ጸለዩ ወደሚላቸው ወደ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ገዳም እየሄድን ነው። እዚያም ሥጋ የጸሎት መሣሪያ ነው። ማር ይስሐቅ የተባለውን የመነኮሳት መጽሐፍ የሚያነቡ አባቶቻችን የቅዱሳንን 10 ማዕረጋት በንጽሐ ሥጋ፣ በንጽሐ ነፍስና በንጽሐ ልቡና ከፍለው ያስተምራሉ። መነሻው ጽማዌ፣ ማለትም ዝምታ፣ ፍጻሜው ነጽሮተ ሥሉስ ቅዱስ፣ ማለትም ቅድስት ሥላሴን ማየት፣ ነው። በመካከል አንብዕ አለ፤ ተጋዳዩ ፊቱ ሳይከፋ እንባው ይወርዳል። ይህን ማዕረግ ሳስብ ልቤ ይነካል፤ አስመስሎ የሚያመጣው የለምና። የህንዱ ባሕታዊ 108 ፍሬ ባለው መቁጠሪያ ማንትራውን፣ ማለትም የጸሎት ቃሉን፣ ሲደግም፣ የእኛው መነኩሴ 41 ጊዜ ኪርያላይሶን ይላል።

ይሁን እንጂ ሁሉም አንድ ነው አልላችሁም። የካሽሚሩ ሊቅ በመጨረሻ የሚያገኘው ብርሃን ድሮውንም የራሱ ማንነት ነው፤ ረስቶት ኖሮ ያስታውሰዋል። ለመነኩሴው ብርሃኑ የፈጣሪ ስጦታ ነው፤ ተቀባዩ ፍጡር ሆኖ ይኖራል። ይህን ልዩነት ማድበስበስ ሁለቱንም መናቅ ነው።

በአንድ ነገር ግን ሁለቱም ይጠነቀቃሉ። ታንትራ ማንትራን የሚሰጠው ከጉሩ፣ ማለትም ከመምህሩ፣ አፍ ነው፤ በመንገድ የሚገኘውን ተአምራዊ ኃይል የሚያሳድድ ተማሪንም ከመንገዱ እንደወጣ የሚቆጥሩ መምህራን አሉ። በገዳማችንም ራእይ አየሁ የሚል ጀማሪ መጀመሪያ ለአበ ነፍሱ ይናገራል፤ እርሱ ሳይመረምረው አይታመንም። ዛሬ ግን ወጣቶቻችን በስልካቸው ያዩትን ትንፋሽ የመያዝ ልምምድ ለብቻቸው በራቸውን ዘግተው እየሞከሩት ነው። እባካችሁ፣ ከመሞከራችሁ በፊት ልምዱ ያለውን ሰው ፈልጉ፤ ሕመም ያለበትም ሐኪሙን ይጠይቅ።