የክረምቱ ኮከብ በመስከረም



ዛሬ የምናገረው ቬጋ ስለሚባለው ኮከብ ነው። የውጭ መጻሕፍት ከ«ሰመር» ኮከቦች ዋነኛው ያደርጉታል። ሰመር በእነርሱ ዘንድ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ጊዜ ነው፤ እኛ ክረምት የምንለው። ብዙ ጊዜ ግን «በጋ» ተብሎ ይተረጐማል። እኔም ወጣት መምህር ሳለሁ በዚህ ትርጉም ተመርቼ፣ «የበጋውን ኮከብ በምሽት ፈልጋችሁ መዝግቡ» የሚል የጥር ሥራ ለተማሪዎቼ ሰጠሁ።

አንድ የስማዳ ልጅ ሦስት ምሽት ደጅ ቆሞ ሲያበቃ «በሰሜን በኩል የተባለው ኮከብ የለም፤ ሦስት ኮከቦች ተሰልፈው አሉ፣ ከእነርሱ በታች በደቡብ ምሥራቅ እጅግ የሚያበራ አንድ ኮከብ አለ» ብሎ ጻፈ። ያየው የኦሪዮንን መቀነትና ሲሪየስን ነበር። ከ10 2 ሰጠሁት። ቬጋ በጥር ከፀሐይ ጋር አብሮ ስለሚጠልቅ፣ ንጋት ሲቃረብ ካልሆነ አይታይም። ስሕተቱ የእኔ መሆኑን የተረዳሁት ከዓመታት በኋላ ለመስቀል ጋይንት ወላጆቼ ዘንድ በሄድሁ ጊዜ ነው። ልጁ በዚያን ጊዜ ትምህርቱን ጨርሶ ሄዷል።

በሐምሌና በነሐሴ ቬጋ በምሽት ሰማያችን ላይ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ሆኖም ደመናው አያሳየንም። ስለዚህ ለእኛ የመስከረምና የጥቅምት ኮከብ ነው።

አፈላለጉ እንዲህ ነው። ከደመራ ማግሥት፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ፣ ፊታችሁን ወደ ሰሜን አዙሩ። ነፋስ መውጫ ያለ ሰው ጉናን በግራው፣ እስቴ መካነ ኢየሱስ ያለ በቀኙ ያደርጋል፤ ስማዳ ያለ ግን ጉናን ፊት ለፊት ይመለከታል። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ከአድማሱ ወደ ላይ ስድስት ጡጫ ያህል ለኩ። በዚያ ከፍታ፣ ከሰሜን ወደ ምዕራብ ጋደል ብሎ፣ ነጣ ሰማያዊ ሆኖ የሚያበራው ቬጋ ነው። የምናየው ብርሃን ከኮከቡ ከተነሣ 25 ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ አብዛኞቻችሁ ገና ሳትወለዱ ማለት ነው።

ከተጠራጠራችሁ ቀና በሉ፤ ከአናታችሁ አጠገብ ያለው ደማቅ ኮከብ አልታይር ነው። ሁለቱም ስማቸው ከዓረብኛ የመጣ ሲሆን፣ ቬጋ «የሚወርደው ንስር»፣ አልታይር «የሚበርረው ንስር» ማለት ነው፤ ዓረብኛው «ነስር»ም ከእኛው «ንስር» ጋር አንድ ሥር አለው። በሰሜን በኩል ከቬጋ በስተቀኝ፣ በብርሃን የሚያንሰው ደነብ ሦስተኛው ነው። ሦስቱን በዓይናችሁ ብታያይዟቸው ሰፊ ሦስት ማዕዘን ይወጣል። ማዕዘኑ ከሞላ፣ ያገኛችሁት ቬጋን ነው።