ስለ ወፈረች የቤት ጥንቸል አመጋገብ

በዱብሉቅ ለተማሪዎች፥ ለመምህራንና ለወላጆች የተነገረ ንግግር



ዛሬ የምናገረው ነገር ለአንዳንዱ ሰው ታናሽ መስሎ ይታየው ይሆናል። ይኸውም ለልጆች ደስታና ትምህርት ተብላ በቤት ወይም በትምህርት ቤት ስለምትጠበቅ ጥንቸል፥ ይልቁንም ከልክ አልፋ ስለ ወፈረች ጥንቸል ነው። ከብት በጥምና በረኃብ በሚያልቅበት አገር ስለ ጥንቸል ውፍረት መናገር ምን ይረባል የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ዝናም በተከታታይ በቀረ ጊዜ በቦረና ምን ያህል ከብት እንዳለቀ እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። ነገር ግን እንስሳን የመመገብ ጥበብ አንድ ነው። ለታናሽ እንስሳ ልክን የተማረ ልጅ ነገ ለጥጃውም ለግመሉም ልክን ያውቃል። ደግሞም ጥንቸልን የሚያወፍራት በቆሎና ዳቦ ከሰው ገበታ የተነሣ እህል ነው፤ ለእርሷ በሽታ፥ ለቤተ ሰቡም ኪሣራ ይሆናል።

ስለ ልክ ለመናገር ከዱብሉቅ የተሻለ ስፍራ አይገኝም። የቦረና ዘጠኙ የቱላ ጉድጓዶች በሚባሉት መካከል የዱብሉቅ ጉድጓድ አንዱ ነው። በዚያ ጐልማሶች ከጥልቁ እስከ ላይ ተደርድረው፥ እየዘፈኑ፥ ውሃውን ከእጅ ወደ እጅ ያቀብላሉ። አባ ሄሬጋ የሚባለውም ሰው የማጠጫውን ተራ ይጠብቃል። ማንም ቢሆን ከብቶቼን እወዳለሁ በማለት ብቻ ከተራው አስቀድሞ አያጠጣም። እንግዲህ ፍቅር ያለ ሥርዓት እንደማይበቃ ከእናንተ አገር የበለጠ የሚያውቅ የለም።

በአገራችን ውፍረት የምስጋና ቃል ነው። ከረዥም ጊዜ በኋላ ያገኘነውን ሰው ወፈርህ፥ ተመቸህ እንለዋለን። በግና ፍየልም ተቀጥቅጠው ሙክት ሲሆኑ ዋጋቸው ከፍ ይላል። ስለዚህ ልጆች ጥንቸላቸው ስትወፍር በመልካም የጠበቋት ይመስላቸዋል። ጥንቸል ግን ሙክት አይደለችም። በአገራችን አብዛኛው ሰው ሥጋዋን ስለማይበላ ስቧ ለገበያም ለገበታም አይጠቅምም፤ እርሷን ብቻ ይጐዳል።

በአማርኛችን ጥንቸል ተብለው በአንድ ስም የሚጠሩት እንስሶች በእውነቱ ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛይቱ በዚህ ሜዳና ቍጥቋጦ ስትሮጥ የምታዩአት የዱር ጥንቸል ናት። ሄምፕሪክና ኤረንበርግ የተባሉ የጀርመን ሊቃውንት በ1832 እ.ኤ.አ. በሐበሻ ስም የሰየሟት ዓይነት ከዚህች ወገን ናት። ልጆቿ ጠጕር ለብሰው፥ ዓይናቸውን ገልጠው በሜዳ ላይ ይወለዳሉ። ሁለተኛይቱ የቤት ጥንቸል ናት። ዘሯ ከእስፓንያና ከፖርቱጋል ምድር የመጣ ሲሆን፥ በተፈጥሮዋ ጉድጓድ ቈፋሪ ናት፤ ልጆቿም ራቁታቸውን፥ ዓይናቸው ሳይገለጥ ይወለዳሉ። የዱሯን ይዞ በቤት መዝጋት አይገባም፤ የምንጠብቀው የቤቲቱን ነው። ሆኖም ከዱሯ የምንማረው ነገር አለ። የዱር ጥንቸል ወፍራ መሮጥ ሲያቅታት ያየ ማን ነው? ደረቅ ሣርና ቅጠል እየለቀመች ትውላለች፤ ከቀበሮና ከንስርም ትሸሻለች። የቤቲቱ ግን በጠባብ ሣጥን ተቀምጣ በቆሎ ይቀርብላታል። ውፍረቷም ከዚህ ይመጣል።

አሁን የጥንቸል ሆድ እንዴት እንደሚሠራ ልግለጥላችሁ። ጥንቸል እንደ ላም አታመሰኳም። ነገር ግን ዕውር አንጀት የሚባለው የሆድ ዕቃዋ ሰፊ ነው፤ በውስጡም በዓይን የማይታዩ ደቂቅ ፍጥረታት ይኖራሉ፤ ከሣሩ የሚገኘውን ምግብ የሚያዘጋጁላትም እነርሱ ናቸው። ሻካራው ሣር አንጀቷ ሳያቋርጥ እንዲንቀሳቀስ ያደርጋል። ጥርሶቿም ዕድሜዋን ሁሉ ስለሚያድጉ በሣር ማኘክ ይሞረዳሉ። ሁለት ዓይነት በጠጥም ትጥላለች። አንደኛው ክብና ደረቅ ነው። ሁለተኛው ለስላሳና እንደ ወይን ዘለላ የተያያዘ ነው፤ ይህንንም ከሰውነቷ እንደ ወጣ በአፏ ተቀብላ ትበላዋለች። ይህን አይታችሁ አትጸየፉ፤ በመጀመሪያው ጊዜ ያልተወሰደውን ምግብ በሁለተኛው ታገኛለች።

የወፈረች ጥንቸል ግን ጐንበስ ብላ ወደ ኋላዋ መድረስ ያቅታታል። ያን ጊዜ ለስላሳው በጠጥ በጅራቷ ሥር ይጣበቃል፤ ዝንብም ዕንቍላሉን ይጥልበታል፤ ከዚያም የሚፈለፈለው ትል ሕያው ሥጋዋን ይበላል። በቆላ አገር ይህ በጥቂት ቀን ውስጥ የሚደርስ ጥፋት ነው። ደግሞም ከእግሯ ሥር እንደ ድመት ያለ ለስላሳ መዳፍ የላትም፤ ጠጕር ብቻ ነው። ስለዚህ የሰውነቷ ክብደት በተረከዟ ላይ ቍስል ያወጣል። ጥንቸል በላብ አትበርድም፤ ሙቀቷን የምታስወጣው ይበልጡን በጆሮዎቿ ነው። ስብ የለበሰችው ደግሞ በፀሓይ ጊዜ ፈጥና ትዝላለች፤ ልትሞትም ትችላለች።

መወፈሯን በምን እናውቃለን? የቦረና እረኛ የላሙን ዳሌና ጎድን በሩቅ አይቶ ሁኔታዋን ይናገራል። የጥንቸል ጠጕር ግን ዓይንን ያታልላልና በእጅ መዳሰስ ያስፈልጋል። ጣቶቻችሁን በጎኗ ላይ በቀስታ አሳልፉ። የጎድን አጥንቶቿን በቀላሉ ብታገኟቸው፥ ነገር ግን ሾለው ባይወጉአችሁ፥ ደኅና ናት። ሾለው ከተሰሙአችሁ ከስታለች። ፈልጋችሁ ካጣችኋቸው ወፍራለች። በእንስቲቱ ጥንቸል አንገት ሥር የሚንጠለጠል ሥጋ የተፈጥሮ ነው፤ እጅግ ገዝፎ መንቀሳቀስ ሲከለክላት ግን የውፍረት ምልክት ነው። ሆዷ ብቻ ተነፍቶ እንደ ከበሮ የጠነከረ እንደ ሆነ ግን ይህ ውፍረት ሳይሆን ብርቱ ሕመም ነው። ከወንድ ጋር የቈየች እንስትም እርጉዝ ልትሆን ትችላለች፤ ስለዚህ ይህን ሳታጣሩ ምግቧን አትቀንሱ።

ልጆች ሆይ፤ ከምነግራችሁ ሁሉ ይህን አጥብቃችሁ ያዙ። የወፈረችን ጥንቸል በረኃብ ለማክሳት ከቶ አትሞክሩ። ሰው አንድ ቀን ቢጾም አይሞትም፤ ላምም ሣር ሳታገኝ ውላ ልታድር ትችላለች። ጥንቸል ግን ምግብ በተከለከለች ጊዜ አንጀቷ ይቆማል፥ በነፋስም ይሞላል። በሰውነቷ የተከማቸው ስብም በብዛት ወደ ጕበቷ ይሄዳል፤ ጕበቷም በስብ ተውጦ ሥራውን ይተዋል። ይህም ይበልጡን የሚያገኘው የወፈረችውን ነው። በመልካም ልብ፥ ለጥቅሟ ብሎ፥ ሁለት ቀን ያስራባት ልጅ በሦስተኛው ቀን ሞታ ሊያገኛት ይችላል። መድኃኒቱ የምግቡን ዓይነት ቀስ በቀስ መለወጥ ነው እንጂ ገበታዋን ባዶ ማድረግ አይደለም።

እንግዲህ የሚደረገው ይህ ነው።

አንደኛ፤ መዝኗት። ጥንቸሊቱን በቅርጫት አድርጋችሁ በሱቅ ሚዛን መዝኑ፤ ከዚያም የቅርጫቱን ክብደት ቀንሱ። በየሳምንቱ በአንድ ቀንና በአንድ ሰዓት እንዲሁ አድርጉ። ስታነሡአት አንዱን እጃችሁን ከደረቷ ሥር፥ ሁለተኛውን ከኋላ እግሮቿ ሥር አድርጉ። በጆሮዋ አንጠልጥሎ ማንሣት ጭካኔ ነው።

ሁለተኛ፤ ድርቆሽ ከፊቷ አይጥፋ። ቀንም ሌሊትም ያለ ልክ የሚሰጣት ምግብ ይህ ብቻ ነው። ከምትበላው ሁሉ እጅግ የሚበልጠው ሣርና ድርቆሽ መሆን አለበት። በዚህ አገር ማታ ጉዴሳና አላሎ የሚባሉት ሣሮች በከብት ዘንድ የተወደዱ ናቸው፤ ዝናሙ ካለፈ በኋላ ገና አረንጓዴ ሳሉ ታጭደው በጥላ ቢደርቁ ለጥንቸልም መልካም ድርቆሽ ይሆናሉ። ለጥጃና ለደካማ ከብት ሣር የሚጠበቅበትን ካሎ ሳይነኩ፥ ከመንገድ ዳርና ከትምህርት ቤት ግቢ ማጨድ ይቻላል። የሻገተ ድርቆሽ አትስጧት። አልፋልፋም ኃይሉ ብዙ ስለ ሆነ ለወፈረችው አይገባም።

ሦስተኛ፤ እህሉንና ጣፋጩን አንሡ። በቆሎ፥ ስንዴ፥ ዳቦ፥ ስኳርና ሙዝ ለእርሷ አልተፈጠሩም። ካሮትም ሥሩ ጣፋጭ ስለ ሆነ በቍራጭ፥ አልፎ አልፎ ብቻ ይሰጣል፤ ቅጠሉ ግን መልካም ነው። ሆኖም በእህል ለኖረች ጥንቸል ሁሉን በአንድ ቀን አታቋርጡባት። በየሳምንቱ ሩቡን እየቀነሳችሁ በአራት ሳምንት ጨርሱ። በፋብሪካ ተጨምቆ የተሠራ መኖ ካላትም እንዲሁ እየቀነሳችሁ፥ ሊኖራት ከሚገባው ክብደት ለእያንዳንዱ ኪሎ በቀን ከ25 ግራም እንዳያልፍ አድርጉ። በድርቅ የከሳች ላም ድንገት ብዙ እህል ብትበላ ሆዷ ኮምጥጦ እንደምትሞት ታውቃላችሁ። ድንገተኛ ለውጥ ለጥንቸልም ጠላት ነው።

አራተኛ፤ እርጥብ ቅጠል በየቀኑ በጥቂቱ ጨምሩላት። ሰላጣ፥ የድንብላል ቅጠል፥ በሶብላ፥ የካሮት ቅጠል ይስማሟታል። ጎመን ሲበዛ ሆድ ስለሚነፋ ጥቂት ይበቃል። ሽንኩርት፥ የድንች ቅጠል፥ አቮካዶ፥ ቍልቋልና የማታውቁት የዱር ቅጠል ግን አይቅረባት፤ መርዝ ይሆንባታልና።

አምስተኛ፤ ውሃ አትከልክሏት። ከብት በበጋ ተራውን ጠብቆ በሦስተኛው ቀን ይጠጣል፤ ግመል ከዚያ ይልቅ ይታገሣል። ጥንቸል ግን አንድ ቀን እንኳ መታገሥ አትችልም። ውሃ ብትጣ ድርቆሹንም መብላት ትተዋለች። ንጹሕ ውሃ በማይገለበጥ ከባድ ገበታ ሁልጊዜ ይቀመጥላት።

ስድስተኛ፤ ትንቀሳቀስ። ጥዋትና ማታ፥ ፀሓይ ሳይበረታ፥ ውሻና ድመት በማይገቡበት አጥር ውስጥ ልቀቋት። ድርቆሹን በአንድ ስፍራ ከመከመር ይልቅ በልዩ ልዩ ስፍራ ብትበትኑት ፈልጋ ለመብላት ትሄዳለች። እያባረሩ ማስሮጥ ግን አይገባም፤ ድንጋጤ ይጐዳታል።

የመክሳቷ ፍጥነት ምን ያህል ይሁን? በሳምንት ከክብደቷ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ቢቀንስ ይበቃል። 2 ኪሎ ተኩል መመዘን የሚገባት ጥንቸል 3 ኪሎ ሆናለች እንበል። የሚቀነሰው 500 ግራም ነው። በሳምንት ከ30 እስከ 60 ግራም ብትቀንስ ሥራው ከሁለት ወር እስከ አራት ወር ይፈጃል። ከዚህ የፈጠነ ከሆነ ደስ አይበላችሁ፤ ምግቧን ጥቂት መልሱላት። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህም ነገር ይሠራል።

በዚህ ጊዜ ሁሉ በየቀኑ ሁለት ነገር ተመልከቱ፤ መብላቷንና በጠጧን። ግማሽ ቀን ሳትበላ ብትቈይ፥ ወይም በጠጧ ቢያንስ ወይም ቢቋረጥ፥ ነገ ይሻላት ይሆናል ብላችሁ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት። ከጅራቷ ሥርም በየቀኑ ተመልክታችሁ ቈሻሻ ካለ በለብ ያለ ውሃ አጥባችሁ አድርቁ።

አንድ ነገር ለመምህራን ላሳስብ። በትምህርት ቤት የምትጠበቅ ጥንቸል የምትወፍረው ብዙ ጊዜ ከብዙ ወዳጆች የተነሣ ነው። አንዱ ልጅ ከምሳው ቈርሶ ሰጥቷት ሲሄድ ሁለተኛው ይመጣል፤ እርሱም ሳያውቅ ይጨምርላታል፤ ሦስተኛውም እንዲሁ። ስለዚህ ለጥንቸሊቱም አባ ሄሬጋ ሹሙላት። በየሳምንቱ ሁለት ተማሪዎች ተራ ይያዙ፤ ከእነርሱ በቀር ማንም አያብላት። በደብተርም ቀኑን፥ ክብደቷን፥ የተሰጣትን ምግብና የበጠጧን ሁኔታ ይጻፉ። በዚህም ልጆቹ መመዘንን፥ መቀነስን፥ ከመቶ ማስላትን፥ ያዩትንም በእውነት መጻፍን ይማራሉ።

ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ ለጥንቸሉ ዳቦ ሲለምናችሁ አትቈጡት፤ ርኅራኄው መልካም ነው። ነገር ግን ዳቦውን ለራሱ ስጡት፤ ለእርሷ አንድ እፍኝ ድርቆሽ እንዲያመጣላት አስተምሩት። እናንተም ተማሪዎች፥ ዛሬ ከትምህርት በኋላ ወደ ጥንቸላችሁ ሂዱና ጎኗን በጣታችሁ ዳስሱ። አጥንቷን ካጣችሁት ከነገ ጀምሮ ሥራ አላችሁ፤ ነገር ግን ድርቆሿንና ውሃዋን ሳትነኩ ጀምሩ።