ከሥዕል ስለ መኖር
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ተከታታይ ሥዕላዊ ታሪክን፣ ኮሚክ የሚባለውን ማለት ነው፣ እየሣሉ በኢንተርኔት ለአንባቢ በማቅረብ ያለ ቀጣሪ መኖር ይቻል እንደ ሆነ ነው። ያውም እዚሁ ጎንደር ተቀምጦ።

ታሪክን በሥዕል ተራ በተራ መተረክ ላገራችን እንግዳ አይደለም። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ ግድግዳውን የተመለከተ ያውቀዋል። የንግሥተ ሳባን ታሪክ የሚያሳዩት የገበያ ሥዕሎችም ብዙውን ጊዜ በ44 ክፍል የተከፈሉ ናቸው። የጥንቱን ሠዓሊ ግን ንጉሥ ወይም መኳንንት ወይም ደብር ያኖረው ነበር፤ የዛሬውን የሚያኖረው በየወሩ ጥቂት ብር የሚያዋጣ አንባቢ ነው።

ኤታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አወጣ፤ ኋላም ለ«ሀዊ» በኪክስታርተር ከአንባቢዎች አስቀድሞ ገንዘብ ተሰበሰበ። ነገር ግን ኪክስታርተር በኢትዮጵያ የሚኖረውን አዘጋጅ አይቀበልም፤ ስትራይፕ የተባለው የገንዘብ መቀበያም እዚህ አይሠራም። ስለዚህ በደባርቅ ተቀምጦ የሚሥል ልጅ የባሕር ማዶ አንባቢ ቢያገኝ እንኳ ገንዘቡን የሚቀበልበት መንገድ ጠባብ ነው። ላገር ውስጡ አንባቢ ግን ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር አለ። እንግዲያው በአማርኛ መጻፉ በሒሳብም ያዋጣል።

ሒሳቡን እናድርገው። 300 አንባቢ በወር 20 ብር ቢከፍል 6,000 ብር ነው። ይህ ለቤት ኪራይም ለእንጀራም ይበቃል የሚል ካለ ይነሣና ይንገረን! ስለዚህ የታዘዘ ሥራ መጨመር አለበት። ዩኒቨርሲቲያችን በ1947 ዓ.ም. የጤና ባለሙያ ማሠልጠኛ ሆኖ የተጀመረ ነው፤ ስለ ክትባትና ስለ ንጹሕ ውሃ የሚያስተምር ሥዕላዊ ታሪክ የሚያስፈልገው ከኛ ይልቅ ማን ነው?

ሌላም አለ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። በየሳምንቱ አወጣለሁ ብሎ ቃል የገባ ሠዓሊ ያን ጊዜ ምን ያድርግ? ቢያንስ የስምንት ሳምንት ሥራ አስቀድሞ ሠርቶ ማስቀመጥ፣ ዋናውን ቅጂ በእጅ መያዝ፣ ሲጠራቀምም በወረቀት አሳትሞ ፒያሳ ላይ መሸጥ ነው።

ስለ ውልም አንድ ቃል እንጨምር። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሥራው መብት በባለ ሥራው ዕድሜና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት የተጠበቀ ነው። ሆኖም «መብቴን በሙሉ አስተላልፌአለሁ» በሚል ወረቀት ላይ የፈረመ ሰው፣ ለሁለተኛው መጽሐፍ የገዛ ጀግናውን ለመሣል ፈቃድ ለማኝ ይሆናል። የሕግ ተማሪ ጓደኞቻችን ሆይ፣ ከመፈረማችን በፊት ውሉን አንብባችሁ እንድታስረዱን እንለምናለን፤ ዋጋው የናንተን ምስል በነፃ መሣል ነው።